የቢላል ትንፋሽ



ውድ አንባብያን ሆይ! የመስጂዳችን ኮሚቴ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ ስለ ማን ልጻፍ ብዬ ብዙ አልተጨነቅሁም። ብዙ ዓመት የሥነ ሕይወት ትምህርት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ስለ ሳንባና ስለ ትንፋሽ ለተማሪዎቼ ባስረዳሁ ቁጥር በሐሳቤ የሚመላለስ አንድ ሰው ነበር። እሱም የእናቱ ትውልድ ከእኛው ሐበሻ ምድር የሚመዘዘው፣ የእስልምና የመጀመሪያው ሙአዚን ቢላል ኢብን ረባህ (ረ.ዐ) ነው። ታሪኩን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ስላደግን አዲስ ነገር የለውም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። እኔ ግን የማውቀውን ታሪክ በማውቀው ሙያ በኩል፣ ማለትም በትንፋሹ በኩል ላወጋችሁ እፈልጋለሁ። አንቱታውንም የተውኩት ከቅርበት የተነሣ መሆኑን ተረዱልኝ፤ ቢላል ለእኛ ለሐበሾች የቤት ልጅ ነው።

የምንኖርበት ሠፈር ስምም ለነገሬ የተመቸ ነው። ነፋስ ስልክ ማለት ሽቦ ሳይዘረጋለት መልእክቱን በአየር የሚያደርስ ስልክ ማለት ነው። አዛንም ከድምፅ ማጉያው በፊት እንደዚያው ነበር። ከአንድ ሰው ሳንባ የሚወጣው አየር በማንቁርቱ ውስጥ ያሉትን የድምፅ አውታሮች ያንቀጠቅጣል፤ ንዝረቱም በአየሩ ላይ እንደ ማዕበል እየተገፋ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል እየተጓዘ ከተኛነው ጆሮ ይደርሳል። ቃላቱም ዘመዳሞች ናቸው። እኛ ነፋስ፣ ነፍስ፣ እስትንፋስ እንላለን። ዐረቦችም ትንፋሽን ነፈስ፣ ነፍስን ነፍስ ይሏታል። ሁለቱ ቋንቋዎች ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸውና ይህ አያስገርምም።

ቢላል የተወለደው እ.ኤ.አ በ580 ገደማ ነው። እናቱ ሐማማ የሐበሻ ሴት ነበረች፤ በባርነትም ትገለገል ነበር። የአባቱ ስም ረባህ ነው። እሱም ከባርነት ተወልዶ በመካ በበኑ ጁመሕ ጎሣ ዘንድ በባርነት ኖረ። ጌታው ከቁረይሽ ባለ ጸጎች አንዱ የነበረው ኡመያ ኢብን ኸለፍ ነው። መልኩን የገለጹ ሰዎች ጥቁር፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከትከሻው ትንሽ ጎንበስ ያለ ሰው እንደነበር ጽፈዋል። ይህን ቀጭን ደረት በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በመካ ጥሪያቸውን በጀመሩ ጊዜ ቢላል እምነታቸውን በይፋ ከገለጹት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዎች አንዱ ሆነ። ጎሣ ያለው ሰው የሚከላከልለት ዘመድ ነበረው። ባሪያ ግን ማንም አልነበረውም። ስለዚህም የቁረይሽ ቁጣ እንዲህ ባሉት ላይ ወረደ። ኡመያ ቢላልን ቀትር ላይ ከከተማው ወጣ ወዳለው አሸዋማ ሜዳ እያስወሰደ በጋለው መሬት ላይ በጀርባው ያስተኛውና ትልቅ ድንጋይ ደረቱ ላይ ያስጭንበት ነበር። ሃይማኖቱን እስኪክድ ወይም እስኪሞት ድንጋዩ አይነሣም ተባለ።

እስቲ አንድ ጊዜ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉና ተንፍሱ። እጃችሁ ከፍ ዝቅ ይላል። ብዙ ሰው አየር ሲገባ ደረት የሚነፋ ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ደረት ስለሰፋ ነው አየር የሚገባው። ሳንባ የራሱ ጡንቻ የለውም። ከሳንባ በታች ደረትን ከሆድ የሚለየው፣ እንደ ጉልላት ወደ ላይ የጎበጠው ድያፍራም የተባለ ጡንቻ ሲኮማተር ወደ ታች ይለጠጣል። በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎችም አጥንቶቹን ወደ ላይና ወደ ውጭ ያነሧቸዋል። የደረት ክፍተት ሲሰፋ በውስጡ ያለው የአየር ግፊት ከውጭው ያንሳል፤ አየሩም ግፊቱ ወዳነሰበት ይገባል። ስንተነፍስ ለማስወጣት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አንደክምም። ጡንቻዎቹ ይላላሉ፣ ሳንባም እንደ ተለጠጠ ላስቲክ ወደ ቦታው ይመለሳል። አንድ ጎልማሳ ሰው አርፎ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ግማሽ ሊትር ያህል አየር ይተነፍሳል።

አሁን እጃችሁ ባረፈበት ቦታ ላይ ድንጋይ አለ ብላችሁ አስቡ። የጎድን አጥንቶች ሊነሡ አይችሉም። ሥራው ሁሉ በድያፍራም ላይ ይወድቃል፤ እሱም ብቻውን ሆድን ወደ ታች እየገፋ ጥቂት አየር ያስገባል። አየሩ በወጣ ቁጥር ድንጋዩ ደረቱን ይጫናል፤ የሚቀጥለው ትንፋሽ ካለፈው ይብሳል። በዚህ ላይ የመካ ቀትር አለ። ሰውነት በላብ ውኃውን ይጨርሳል፤ ልብ ይቸኩላል፤ ሰውየው ብዙ አየር በሚያስፈልገው ሰዓት ጥቂት አየር ብቻ ያገኛል። የመታፈን ጭንቅ የሚመጣው ደግሞ ብዙዎቻችን እንደምናስበው በዋነኛነት ከኦክስጅን እጥረት አይደለም። በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የአንጎልን ግንድ ተንፍስ ተንፍስ እያለ የሚወተውተው። ትንፋሹን አምቆ የያዘ ልጅ ሁሉ ያንን ውትወታ ያውቀዋል። ቢላል ያን ውትወታ ለሰዓታት ተሸክሞ ይውል ነበር።

ታዲያ በዚያ ሁኔታ ምን ይናገር እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አላህ አንድ መሆኑን የምትገልጸውን አሐድ የምትለዋን ቃል እየደጋገመ ይናገር ነበር። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ ለምን ሌላ ነገር አልጨመረም፣ ለምን አልተከራከራቸውም እል ነበር። ስለ ትንፋሽ ከተማርኩ በኋላ ነው መልሱ የመጣልኝ። ንግግር ከሳንባ በሚወጣ አየር ላይ የሚሳፈር ነገር ነው። ረጅም ዓረፍተ ነገር ለመናገር በቅድሚያ ብዙ አየር ማስገባት፣ ከዚያም በጎድን ጡንቻዎች እየቆጠቡ ማውጣት ያስፈልጋል። ድንጋይ የተጫነበት ሰው ይህን ማድረግ አይችልም። የቀረችለት አንዲት አጭር ትንፋሽ ናት፤ ቃሏም በልኳ ነበረች። ይህ የእኔ የመምህሩ ግምት ነው፤ ዑለማዎች ከዚህ የጠለቀ ትርጉም እንዳላት ያስተምራሉ፣ እኔም አልክድም።

አቡበክር (ረ.ዐ) ያን አይተው ማለፍ አልቻሉም። ከኡመያ ገዝተው ነፃ አወጡት። ስለ ዋጋው ዘገባዎቹ ይለያያሉ፤ ከፊሎቹ በሌላ ባሪያ እንደለወጡት፣ ከፊሎቹ በአምስት ወቄት፣ ከፊሎቹም ከዚያ በሚበልጥ እንደገዙት ያወሳሉ። ድንጋዩ እንደተጫነው ሳለ ተገዛ የሚልም ዘገባ አለ። እንዲያ ከሆነ ድንጋዩ በተነሣባት ቅጽበት የሆነውን ሥነ ሕይወት ይነግረናል። ታፍነው የቆዩት የጎድን አጥንቶች ተነሥተዋል፤ አየሩም ሳይጋበዝ ገብቷል።

ውድ አንባብያን! ያ አየር ገብቶ የት ሄደ? የትምህርቱ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። አየሩ በቧንቧዎቹ እየተከፋፈለ ወርዶ በመቶ ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ይደርሳል። እነዚህ ከረጢቶች ተዘርግተው ቢነጠፉ 70 ካሬ ሜትር ያህል፣ ማለትም የአንድ ሰፊ መማሪያ ክፍል ወለል ይሸፍናሉ። በአየሩና በደሙ መካከል ያለው ግድግዳ ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ያነሰ ነው። ኦክስጅን በዚያ ሰርጎ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን የተባለ ተሸካሚ ይይዛል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ በተቃራኒው ይወጣል። ስናስገባ ከአየሩ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ ስናስወጣ 16 በመቶ ገደማ ይሆናል። ልዩነቱን ሰውነታችን አስቀርቶታል ማለት ነው።

ያስቀረውን ምን ያደርግበታል? ለዚህ ተምር ይጠቅመኛል። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ የምትጎርሷት ተምር ስኳሯ በአንጀት በኩል ወደ ደም፣ ከደምም ወደ እያንዳንዱ ሕዋስ ይገባል። ሕዋስ ማለት ሰውነታችን የተሠራበት፣ በዓይን የማይታይ ጡብ ነው። በውስጡ ማይቶኮንድሪያ የተባሉ እጅግ ጥቃቅን ምድጃዎች አሉ። ከተምሯ የመጣው ስኳርና ከሳንባ የመጣው ኦክስጅን የሚገናኙት እዚያ ነው። ስኳሩ ነበልባል ሳይኖረው፣ ደረጃ በደረጃ፣ ቀስ ብሎ ይቃጠላል። ከዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ይወጣል፤ ኃይሉ ግን ኤቲፒ በተባለ ንጥረ ነገር ተይዞ ለጡንቻ፣ ለልብ፣ ለአንጎል ይታደላል። ከአንድ የግሉኮስ ቅንጣት በኦክስጅን 30 ያህል ኤቲፒ ይገኛል። ኦክስጅን ከሌለ የሚገኘው 2 ብቻ ነው፤ የቀረውም ላክቲክ አሲድ ሆኖ ይጠራቀማል። ሳይንቲስቶች ትንፋሽ ቀስ ያለ ቃጠሎ መሆኑን የተረዱት ከላቮዚየ ዘመን፣ ከ1770ዎቹና ከ80ዎቹ ጀምሮ ነው። በሕዋስ ውስጥ ያሉትን ደረጃዎች አብዛኛውን ያወቁት ደግሞ በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። እንግዲህ ደረት ሲነሣና ሲወርድ የምናየው የውጭውን በር ብቻ ነው። መተንፈስ የሚባለው ሥራ የሚፈጸመው ከእግር ጥፍራችን እስከ ራሳችን ባሉት ሕዋሳት ሁሉ ውስጥ ነው።

ምድጃ ካነሣሁ አይቀር፣ ከታሪኩ ጥቂት ወጣ ብዬ ለጎረቤቶቼ አንድ ነገር ልናገር። ክረምት ሲገባ በሠፈራችን በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ የተለመደ ነው። ከሰል አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ደረት እየተነሣ እየወረደ፣ አየርም እየገባ ሳለ ሕዋሳት ይታፈናሉ። ድንጋይ የሌለው መታፈን ነው። የአንጎልን ግንድ የሚወተውተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለማይጠራቀም ሰውየው ጭንቅ ሳይሰማው እንደተኛ ይቀራል። ከሰሉን ውጭ አንድዱ፤ ቤት የገባ እንደሆነም መስኮት ክፈቱ፤ ስትተኙ አውጡት። አሁን ወደ ቢላል ልመለስ።

ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ ቢላልና አቡበክር ሁለቱም በትኩሳት ወደቁ። የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር የሕዋሳት ቃጠሎ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ትንፋሽም ይፈጥናል። ቢላል በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆኖ የመካን ሸለቆና በዚያ የሚበቅለውን ሣር ይናፍቅ እንደነበር ተዘግቧል። ድንጋይ የተጫነበትን አገር! እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ከዚያ አዛን መጣ። ሙስሊሞች ለሶላት በምን እንጠራራ ብለው ሲመክሩ ሳለ ዐብደላህ ኢብን ዘይድ የተባለ ሶሐባ የአዛኑን ቃላት በሕልሙ ሰማ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሕልሙ እውነት መሆኑን ገልጠው ቃላቱን ለቢላል እንዲያስተምረው አዘዙት፤ ምክንያቱም የቢላል ድምፅ ከእሱ ይልቅ ርቆ የሚሰማ ነበር። በመስጂዱ አቅራቢያ ከበኑ ነጃር ጎሣ የሆነች አንዲት ሴት ቤት ነበራት፤ በአካባቢው ከፍ ያለው ቤት እሱ ነበር። ቢላል ሌሊት ወደዚያ ጣሪያ እየወጣ ተቀምጦ ጎህን ይጠብቅ ነበር። ብርሃኑን ባየ ጊዜም ተነሥቶ ይንጠራራ ነበር ብላ ያቺው ሴት ተናግራለች። ከታሪኩ ሁሉ ይህች ትንሽ ነገር በጣም ደስ ትለኛለች። ሲንጠራሩ የጎድን አጥንቶች ይከፈታሉ፤ ሌሊቱን በዝግታ ሲተነፍስ ያደረ ሳንባም እስከ ጥጉ በአየር ይሞላል። ግማሽ ሊትር የነበረው ትንፋሽ በጎልማሳ ወንድ አራትና አምስት ሊትር ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ነው አዛን የሚጀመረው። ጣቶቹን በጆሮዎቹ ውስጥ አድርጎ፣ ወደ ሶላት በሚጠራበት ቦታ ላይ ፊቱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያዞረ ይጠራ እንደነበርም ተዘግቧል። የፊቅህ ሊቃውንት አዛን በእርጋታ፣ በየሐረጉ ትንፋሽ እየተሰበሰበ፣ ኢቃማ ግን ፈጠን ብሎ እንዲባል ይመክራሉ። ማንኛውም ሙአዚን እንደሚነግራችሁ ሥራው ከጉሮሮ ይልቅ የጎድንና የሆድ ጡንቻ ሥራ ነው፤ አየሩን ማስገባት ቀላል ነው፣ ችሎታው ሳይንጠባጠብ ማውጣቱ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ሙአዚኖች ማመስገን ይገባል። መካ ከባሕር ጠለል 300 ሜትር ያህል፣ መዲና 600 ሜትር ያህል ከፍ ብለው የሚገኙ ከተሞች ናቸው። አዲስ አበባ ግን 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ከቆላ የመጡ እንግዶች ደረጃ ሲወጡ የሚያለከልኩት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችንን መርምሮ የሄሞግሎቢናቸው መጠንም ሆነ የደማቸው የኦክስጅን ሙላት በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች እምብዛም እንደማይለይ አግኝቷል። በደቡብ አሜሪካ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ግን ለከፍታው ብለው ደማቸው በሄሞግሎቢን ይወፍራል። የሐበሻ ደጋ ሰው የአየርን እጥረት የሚችልበት መንገድ የራሱ ነው። ቢላል ከእናቱ ከዚህ ምን እንደወረሰ እያሰብኩ አንዳንዴ ራሴን አጫውታለሁ፤ ከጨዋታ ግን አላልፍም።

በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ በ624፣ በበድር ጦርነት ኡመያ ተገደለ። በዚህ ላይ አልቆይም። ይልቅ በ7ኛው ዓመት ከኸይበር ዘመቻ ሲመለሱ የሆነውን ልንገራችሁ። ሠራዊቱ ሌሊቱን ተጉዞ ደክሞ ነበርና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቢላል ነቅቶ ጎህን እንዲጠብቅላቸው አዘው ዐረፉ። ቢላል የቻለውን ያህል ሰገደ፤ ጎህ ሲቃረብ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ግመሉን ተደገፈ፤ እንቅልፍም አሸነፈው። ሁሉንም የቀሰቀሳቸው የፀሐይ ሙቀት ነበር። ቢላል ሲጠየቅ የሰጠው ምክንያት የእርስዎን ነፍስ የያዘው የእኔንም ያዘ የሚል ነበር። ነቢዩም አልተቆጡትም፤ ከዚያ ቦታ ጥቂት ፈቀቅ ብለው ሶላቱን ሰገዱ። እንቅልፍ ነፍስን ሲይዝ ትንፋሽን ግን አይዝም። በሕይወት ዘመናችን ከምንሠራቸው ሥራዎች በፈቃዳችንም ያለፈቃዳችንም የሚሠራ እንደ ትንፋሽ ያለ ጥቂት ነው። ስንነቃ ልናፈጥነው፣ ልናዘገየው፣ አዛን ልንጠራበት እንችላለን፤ ስንተኛ የአንጎል ግንድ ተረክቦ ይጠብቅልናል። ያን ሌሊት ከሠራዊቱ ሁሉ የነቃ ዘበኛ ቢኖር እሱ ብቻ ነበር።

በ8ኛው ዓመት በረመዳን፣ እ.ኤ.አ ጥር 630፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መካ ገቡ። ቢላልንም በካዕባ ላይ ወጥቶ አዛን እንዲያደርግ አዘዙት። ከቁረይሽ ታላላቆች መካከል ጥቁር የነበረ ባሪያ በዚያ ላይ መቆሙ የከነከናቸው እንደነበሩ ታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። ያ ደረት በጀርባው ተንጋሎ ድንጋይ ከተጫነበት ሜዳ ብዙ ሳይርቅ፣ አሁን ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ የፈለገውን ያህል አየር አስገብቶ፣ ከአንዲት ቃል ይልቅ ሙሉውን አዛን ተናገረ። ቁረይሾች ወደዱም ጠሉም ከዚያ የወጣው ድምፅ በአየሩ ላይ ተሳፍሮ ከየቤታቸው ገባ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ11ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ በ632፣ ከዚህ ዓለም ተለዩ። ከዚያ በኋላ ቢላል አዛን ሊያደርግ ቆሞ ስማቸው ካለበት ሐረግ ሲደርስ ሲቃ እየያዘው መቀጠል እንዳቃተው ይነገራል። አማርኛችን ለዚህ ሲቃ የምትል ቃል ስላላት ደስ ይለኛል። ሲቃ ልቅሶ ብቻ አይደለም፤ የትንፋሽ መሰበር ነው። ኀዘን ሲበረታ የስሜት ሥራ የሚሠራው የአንጎል ክፍል ድያፍራምን ከፈቃዳችን ይነጥቃል። ድያፍራም ተከታትሎ ይርገበገባል፣ ማንቁርት ይጠባል፣ አየሩ ተቆራርጦ ይገባል፣ ለድምፅ የሚሆን ወጥ ትንፋሽ አይገኝም። ኡመያ በድንጋይ ያላቆመውን ድምፅ ኀዘን አቆመው። ቢላል ከዚያ ወዲያ ለማንም አዛን አላደርግም አለ፤ ወደ ሻም ለመሄድም ፈቃድ ጠየቀ። አቡበክር አብሯቸው እንዲቆይ ለምነውት እንደነበር፣ እሱም የገዛኸኝ ለአላህ ብለህ ከሆነ ልቀቀኝ የሚል ምላሽ እንደሰጠ ተዘግቧል።

ሻም ሄዶ ደማስቆ ኖረ። ስለዚህች ከተማ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ሙያዬ ይታዘበኛል። ከቢላል ስድስት መቶ ዓመት ያህል በኋላ በዚያው በደማስቆ፣ ኑሪ በተባለው ሆስፒታል፣ ኢብን አን-ነፊስ የሚባል ሐኪም ሕክምና ተማረ። ከእሱ በፊት ጋሌን የተባለው የጥንት ሐኪምና እሱን የተከተሉት ሁሉ ደም ከቀኙ የልብ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመሐል ባለው ግድግዳ ቀዳዳዎች በኩል ነው ይሉ ነበር። ኢብን አን-ነፊስ እ.ኤ.አ በ1242 በጻፈው መጽሐፍ ግድግዳው ቀዳዳ የለውም፤ ደሙ ከቀኙ ልብ ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ እዚያ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ወደ ግራው ልብ ይመለሳል ሲል አስረዳ። ኢብን ሲናን ያህል ሊቅ ስተዋል ማለት ነበር። አውሮፓውያን ይህን የጻፉት ከእሱ ሦስት መቶ ዓመት በኋላ ነው። የእሱ ጽሑፍ ግን ተረስቶ ኖሮ አንድ የግብፅ ሐኪም እ.ኤ.አ በ1924 በርሊን ውስጥ አግኝቶ አሳወቀው። ኢብን አን-ነፊስ የሞተው በ1288 በካይሮ ነው።

ዑመር (ረ.ዐ) በኸሊፋነታቸው ዘመን ሻምን ሊጎበኙ በመጡ ጊዜ ሰዎች ቢላል አንድ ጊዜ አዛን እንዲያደርግላቸው እንዲለምኑት ጠየቋቸው። ለመኑት፤ እሺ አለ። በዚያ ቀን የተሰበሰቡት ሶሐቦች የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን አስታውሰው እንደዚያ ቀን አለቅሰው እንደማያውቁ ተጽፏል፤ ከሁሉም በላይ ያለቀሱት ዑመር ነበሩ። ቢላል በሕልሙ ተጠርቶ ወደ መዲና ተመለሰ፣ በሐሰንና በሑሰይን ልመናም እዚያ አዛን አደረገ የሚለውን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ እኔም እወደዋለሁ። ይሁን እንጂ የሐዲስ ሊቃውንት ሰነዱ ደካማ መሆኑን ስለገለጹ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንደ እርግጠኛ ነገር አላስገባሁትም።

በ20ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ በ641 ገደማ፣ ስድሳ ዓመት አልፎት ደማስቆ ውስጥ ታሞ ተኛ፤ ዓመቱን ትንሽ ቀደም ወይም ዘግየት የሚያደርጉም አሉ። ሚስቱ አጠገቡ ሆና ዋይታ ባሰማች ጊዜ እሱ የሚወዳቸውን ሊያገኝ ነውና ደስታ እንጂ ኀዘን እንዳልሆነ ነገራት። ለመናገር የሚበቃ ትንፋሽ ነበረው ማለት ነው። የቀበሩት በከተማው በስተደቡብ ባለው ባብ አስ-ሰጊር በተባለው መቃብር ነው።